በአየር ከሚነፉ አሻንጉሊቶች ለደብረ ብርሃን የቱ ይሻላል፦ በማራገቢያ የሚጨፍረው ወይስ አየር የታሸገበት?

በማራገቢያ የሚጨፍረው ረጅም የጨርቅ ሰው የተፈጠረው ለ1996 (እ.ኤ.አ.) የአትላንታ ኦሎምፒክ ነው፤ ያበጁት የትሪኒዳዱ ፒተር ሚንሻልና እስራኤላዊው ዶሮን ጋዚት ናቸው። ጭፈራው የሚመጣው ከመታጠፍ ነው። አየሩ በአናቱና በእጆቹ ጫፍ ሲያመልጥ ወገቡ ይታጠፋል፤ እጥፋቱ መተላለፊያውን ይዘጋል፤ ከታች ግፊት ሲጠራቀም ተፈናጥሮ ይነሳል። የአናቱ ቀዳዳ ከጠበበ እንደ ምሰሶ ይገተራል፣ ከሰፋ ይልፈሰፈሳል፤ ስለዚህ ቀዳዳውን በክር ሰብሰብ፣ ላላ እያደረጉ መሞከር ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለል ሩብ ያህል ይሳሳል። ቆላ ላይ በደንብ ያስጨፈረ ማራገቢያ እዚህ ይደክማል። መብራት ሲጠፋማ ወዲያው ይወድቃል።

አየር ተነፍቶበት የታሸገው አሻንጉሊት ግን መብራት አይፈልግም። ጠላቱ የሙቀት ልዩነት ነው፦ በውርጭ ጠዋት ጢም ብሎ የተነፋ፣ ቀትር ላይ ፀሐይ ሲመታው ስፌቱ ይተረተራል። ጠዋት በአውራ ጣት ሲጫኑት ጎድጎድ እንዲል አድርጎ መተው፣ ቀትር ላይ ደግሞ ቫልቩን ከፍቶ ማስተንፈስ ያስፈልጋል። በአንድ ገመድ ብቻ ከታሰረ ይሽከረከርና ይጠመጠማል፤ ሦስት ገመድ ይያዝለት።

የሚጨፍረው ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ስለማይገመት ነፍስ ያለው ይመስላል፤ ልጆች ከሩቅ እጃቸውን ያወዛውዙለታል፣ የማራገቢያው ጩኸት ግን አያስጠጋም። ቀስ ብሎ የሚወዛወዘውን የታሸገውን ግን ይጠጉታል፤ በመዳፋቸው ገፋ አድርገው እስኪመለስ ይጠብቁታል። ለትምህርት ቤት ግቢ እኛ የምንመርጠው ይህንን ነው።