ክፍሉ 4 ኮከብ፣ ስፖርቱ 1 ኮከብ

ስም አልጠራም፣ አዲስ አበባ ልጅ የሚያስተምር ሰው እንደዚህ አይነቱን የግል ትምህርት ቤት ያውቀዋል፣ መኖሪያ ቤት የነበረ ፎቅ ተከራይተው፣ ግቢው ኮብልስቶን፣ ግማሹን ሰርቪስ መኪና የያዘው። ሁለቱ ልጆቼ እዛ ናቸው፣ አንዷ ሁለተኛ ክፍል አንዱ አምስተኛ። መምህራኑ ጎበዞች ናቸው፣ እንግሊዝኛው ደስ ይላል፣ ኮሙኒኬሽን ቡክ በየቀኑ ይፈረማል፣ ሽንት ቤቱም ንፁህ ነው (ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ)።

ስፖርቱ ነው ጉዱ። በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ፣ 40 ደቂቃ፣ እሷንም ፈተና ሲደርስ የሒሳብ ቲቸር ለሪቪዥን ይወስዷታል። ለቱታው ግን ከዩኒፎርሙ እኩል ነው ያስከፈሉን። የትልቁን ደብተር ገልጬ ሳይ የመረብ ኳስ ሜዳ ርዝመት 18 ሜትር፣ ወርድ 9 ሜትር፣ የወንዶች መረብ ከፍታ 2.43 ሜትር ብሎ ገልብጧል፣ ሜዳውንም በማስመሪያ አሳምሮ ስሎታል። ኳሱስ ስለው "ስቶር ተቆልፎበት ነው ያለው" አለኝ። ፈተናውን 10 ከ10 ነው ያመጣው በነገራችን ላይ።

የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ የሚለው በአማካይ 60 ደቂቃ ትንፋሽ የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ነው፣ እሱም በሳምንት ሳይሆን በቀን። እኛ ሰኞ ማክሰኞና አባሮሽ ስንጫወት ይመሽብን ስለነበር ከትምህርት ቤት ምንም አንጠብቅም፣ የአሁን ልጅ ግን ከሰርቪስ ወርዶ ኮንዶሚኒየም ይገባል፣ ሆምወርክ፣ ስልክ፣ እንቅልፍ፣ በቃ።

ዳይሬክተሯን ሳናግራቸው "ሜዳ የለንም እኮ፣ ምን እናድርግ" አሉኝ። ስኮትላንድ ስተርሊንግ ውስጥ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2012 በፈረንጆቹ ልጆቹን በየቀኑ 15 ደቂቃ ውጪ ማስሮጥ ጀመረ፣ የደከመው ይራመዳል፣ ልብስ መቀየር የለ ምን የለ፣ አሁን ስንት አገር ይሠራበታል። ሃንጋሪም በዛው ዓመት በየቀኑ ስፖርትን በሕግ ማስገባት ጀምራለች። ሩቅ ምን አስኬደኝ፣ በቆጂ ላይ ደራርቱን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽን ያስጀመሯቸው አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የስፖርት መምህር አልነበሩ እንዴ? ልጄ ኦሎምፒክ ይሂድልኝ አላልኩም፣ ሦስተኛ ፎቅ ሲወጣ አያለክልክ ነው ያልኩት።

ጠዋት ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ ለማስታወቂያ ዝም ብለው የሚያቆሟቸው ሰዓት አለ አይደል፣ እሱን ለዝላይና ለሶምሶማ ቢያደርጉት አንድ ብር አያስወጣቸውም። የሰጡኝ መልስ ግን የቅዳሜ ቴኳንዶ ነው፣ በተጨማሪ ክፍያ። አሰልጣኙ ጥሩ ነው ይላሉ፣ ይሁን፣ ግን እሱ የሚከፍል ወላጅ ላለው ልጅ ነው፣ እኛ የጠየቅነው ለሁሉም ልጅ በየቀኑ ነው። ለሚቀጥለው የወላጅ ስብሰባ አጀንዳ አስይዘናል፣ የሚቀየር ነገር ካለ ኮከቡን መጥቼ አስተካክላለሁ።