ዶላርን መቀበል ወይስ የራስን ገንዘብ ከዶላር ጋር ማሰር?

የኢኳዶሩ ፕሬዚዳንት ጃሚል ማዋድ በጃንዋሪ 2000 የአገሩን ገንዘብ ሱክሬን ትቶ ዶላርን መገበያያ እንደሚያደርግ አወጀ። የአርጀንቲናው ፈርናንዶ ዴ ላ ሩዋ ደግሞ የአንድ ፔሶን ዋጋ ከአንድ ዶላር ጋር ያሰረውን የ1991 ሕግ ወርሶ እስከ መጨረሻው ሙጭጭ አለ።

ወጪ፦ በኢኳዶር ሕመሙ አንድ ጊዜ ነው የመጣው፤ 25,000 ሱክሬ በ1 ዶላር ሲተመን የብዙዎች ቁጠባ እንደ ጉም በነነ። የፔሶው እስር መጀመሪያ ላይ ርካሽ ይመስላል፤ ሒሳቡ ኋላ ነው የሚመጣው።

ቅለት፦ ማሰር ይቀላል፣ የዶላር ክምችት እስካለ ድረስ።

አደጋ፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የታሰረ ነገር ሊፈታ እንደሚችል ሁሉም ስለሚያውቅ ሰው ወደ ባንክ ይሮጣል። በአርጀንቲና በዲሴምበር 2001 በሳምንት ከ250 ፔሶ በላይ ማውጣት ተከለከለ። የቦነስ አይረስ ነዋሪ ድስትና መጥበሻ እየደበደበ አደባባይ ወጣ፤ ዴ ላ ሩዋም ሥልጣን ለቆ ከቤተ መንግሥቱ በሄሊኮፕተር ሄደ። በ2002 አንድ ዶላር ከሦስት ፔሶ በላይ ተመነዘረ። ዶላርን የወሰደ አገር ይህ ስጋት የለበትም፤ በክፉ ቀን ግን ለባንኮቹ የሚያትመው ገንዘብ አይኖረውም።

ማዋድም ቢሆን አልተረፈም፤ ካወጀ በ12 ቀን ወደቀ። የሚገርመው ተተኪው ጉስታቮ ኖቦዋ ዕቅዱን አለመሻሩ ነው።

ሕዝቡ አስቀድሞ በዶላር የሚያስብ ከሆነና ነዳጅ ወይም ከውጭ የሚላክ ገንዘብ ዶላር የሚያስገባ ከሆነ የማዋድ መንገድ ያዋጣል። ማሰሩ የሚስማማው በጀቱን ለሚቆጣጠርና ገበያው ጸጥ ባለበት ጊዜ ገመዱን ለማላላት ለሚደፍር መንግሥት ነው።