ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ «2 ቴራ» ተብላ የምትሸጠውን ኤስኤስዲ አትግዙ፤ ባክአፓችሁን ታጠፋዋለች

የድሬ ልጆች፣ ይቺን ዕቃ ታውቋታላችሁ። ከመዳፍ የማትበልጥ፣ ብረት ለበስ፣ ላይዋ ላይ «2 ቴራ» የተጻፈባት፣ ከአጭር ገመድ ጋር የምትሸጠው ኤስኤስዲ፣ ማለትም ፋይል ማስቀመጫ የውጭ ዲስክ። ዋጋዋ የእውነተኛው ሩብ አይሞላም። 2 ቴራ ማለት 2000 ጊጋ ነው፤ ውስጧ ያለው ግን 64 ጊጋ ብቻ ነው። ሐረር ሸዋ በር ገበያ የምትገዙም ስሙ።

የሻጮቹንም አካሄድ ታውቁታላችሁ። ኮምፒውተር ላይ ሰክተው «ይኸው 2 ቴራ ይላል» ይላሉ። አንድ ፊልም ገልብጠው ያጫውታሉ። ፎርማት ያደርጋሉ፣ በሰከንዶች ያልቃል። «አቦ፣ ከዚህ በላይ ምን ላሳይሽ?» ሦስቱም ምንም አያረጋግጡም። መጠኑን የሚናገረው ውስጧ ያለው ኮንትሮለር፣ ማለትም ዲስኩን የሚመራው ቺፕ ነው፤ እሱ ደግሞ እንዲዋሽ ተደርጎ ተጽፎበታል። ፊልሙ 2 ጊጋ ስለሆነ እውነተኛው ቺፕ ላይ ይገባል። ፈጣኑ ፎርማት ዝርዝሩን ብቻ ጽፎ ያልፋል እንጂ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር አይነካም።

የቤቴ ላፕቶፕ ዲስክ መንቋቋት ሲጀምር ሙሉ ኢሜጁ (ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ በአንድ ፋይል የተቀዳበት ቅጂ) የተወሰደው እዚህች ላይ ነው፤ 180 ጊጋ፣ አንድ ፋይል። የባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ሶፍትዌሩ «ተሳክቷል» አለ። አሮጌው ዲስክ ሞተ፣ አዲስ ተገጠመ፣ ሪስቶር (ቅጂውን መልሶ መጫን) ሲባል ፋይሉ ተበላሽቷል ብሎ ቆመ። ሌላ ፖርት፣ ሌላ ገመድ፣ ሌላ ኮምፒውተር፤ ያው ነው።

እስካሁን ደሜን የሚያፈላው ወደ ገዛሁበት ሱቅ መልሼ ስወስዳት የሆነው ነው። ሻጩ ልጅ ሰካትና ፎልደሩን ከፈተ። የኢሜጁ ስም አለ፤ ጎኑ ላይ 180 ጊጋ ይላል። ስክሪኑን አዞረና ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እንዲሰማ «ይኸው! ፋይልሽ አለ አይደል እንዴ? ሪስቶር ማድረግ ካቃተሽ እኔ ምን ላድርግሽ?» አለ። ሰው ሳቀ። ስህተቱን ሳሳየው «የድሬ ሙቀት ነው፣ ፀሐይ ላይ ትተሽው ነው፣ አቦ አታካብጂ» አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ከፈለግሽ ሪከቨሪ እንሠራለን፤ ግን ትከፍያለሽ» አለ። ስሙ ብቻ እንዳለና ይዘቱ እንደሌለ ዕቃውን የሚሸጥ ሰው ያውቃል። እያወቀ ነው ሰው ፊት ያሳፈረኝ፣ እያወቀ ነው ሁለተኛ ክፍያ የጠየቀኝ።

ስሙ ለምን ይታያል? የፋይሎቹ ስምና መጠን የሚመዘገቡበት ሠንጠረዥ ብዙውን ጊዜ ዲስኩ መጀመሪያ አካባቢ ስለሚቀመጥ እውነተኛው ቺፕ ላይ ያርፋል። ይዘቱ ግን ከልኩ ሲያልፍ የሚያርፍበት የለውም። አንዳንዶቹ ኮንትሮለሮች ትርፉን ይጥሉታል፤ ሌሎቹ ዞረው ቀድሞ በተጻፈው ላይ ይደርቡበታል። ሁለቱም ለኮምፒውተሩ «ተቀብያለሁ፣ ጽፌያለሁ» ብለው ይመልሳሉ። ባክአፕ ሶፍትዌሩ የሰማውን አምኖ «ተሳክቷል» ይላል። ትርፉን የሚጥለው ዓይነት ላይ ፎቶ በፎቶ ብትገለብጡ ኖሮ የመጀመሪያዎቹ በተረፉ ነበር። ኢሜጅ ግን የተጨመቀ አንድ ትልቅ ፋይል ነው፤ ከመሃሉ ሲጎድል ሪስቶር በሙሉ ይቆማል።

ሙቀት የሚለውን አትስሙ። በሙቀት የተጎዳ ዲስክ እዚህም እዚያም ይበላሻል። ይቺ ኤችቱቴስትደብልዩ (H2testw) በሚባለው የዲስክ መፈተሻ ፕሮግራም ስትፈተን 58 ጊጋ ድረስ (64 የሚባለው ካርድ በኮምፒውተር ቆጠራ ይህን ያህል ገደማ ነው) አንዲት ስህተት የላትም፤ ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ምንም የለም። ሙቀት እንዲህ በመስመር አይቆርጥም። ሽፋኗ ሲከፈትም ታየ፤ ትንሽ ቦርድ፣ በሙጫ የተጣበቀች ሜሞሪ ካርድ፣ ክብደት እንዲኖራት የተጨመረ ቁራጭ ብረት።

ሪከቨሪ የሚባለውም የተደመሰሰን ወይም የተበላሸን ነው የሚመልሰው። ይቺ ላይ ከ64 ጊጋ በላይ ያለው ከመጀመሪያውም አልተጻፈም። ማንም አያወጣውም፤ ገንዘባችሁን ብቻ ነው የሚወስዱት።

ዊንዶውስ ራሱ ምልክት ይሰጣል። የራሱ የሲስተም ኢሜጅ መሥሪያ እንደ ፍላሽ የሚታይ ዕቃ ላይ አልጽፍም ይላል፤ እነዚህ ደግሞ ብዙዎቹ እንደ ፍላሽ ነው የሚታዩት። ሻጮቹ ለዚህም መልስ አላቸው፦ «ያ አሮጌ ነው፣ ሌላ ሶፍትዌር ተጠቀሚ»። መጠኑንም እዩ። እውነተኛ 2 ቴራ ዊንዶውስ ላይ 1.81 ነው የሚለው። ድፍን 2 ወይም 1.95 ካለ ጠርጥሩ፤ 1.81 ስላለ ግን አትመኑ። ትልቅ ፋይል ሲገለበጥ ፍጥነቱ ፈጣኑ ሰማያዊ የዩኤስቢ ፖርት ላይም ሳይቀር በሰከንድ 10 ወይም 15 ሜጋባይት ላይ ከተኛ ውስጡ ተራ ፍላሽ ነው።

የምትገዙ ከሆነ ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና ሳትከፍሉ ቫሊድራይቭ (ValiDrive) የሚባለውን መፈተሻ አስነሱ። ነፃ ነው፤ ከዲስኩ ዳር እስከ ዳር ናሙና ቦታዎች ላይ እየጻፈ መልሶ ያነባል፣ ደቂቃዎች ይበቁታል። ሻጩ እምቢ ካለ ውጡ። ቤት ገብታችሁ ምንም ሳትጭኑባት ኤችቱቴስትደብልዩን ከኢሜጃችሁ በሚበልጥ መጠን አስኬዱ፤ ለ200 ጊጋ 204800 ሜጋባይት ብላችሁ ሙሉት። እንዲህ ባለ ዘገምተኛ ዕቃ ላይ መጻፉ ብቻ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ መብራት እንዳያቋርጣችሁ ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ሥሩት። ሊኑክስ ያላችሁ ኤፍ3 (F3) የሚባል ተመሳሳይ መፈተሻ አለላችሁ። ኢሜጁን ከወሰዳችሁ በኋላ ዲስኩን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ ቬሪፋይ አድርጉ፣ ማለትም በትክክል መጻፉን በሶፍትዌሩ አረጋግጡ፤ ሳይነቀል የተደረገ ቬሪፋይ ከኮምፒውተሩ ራም ላይ ሊያነብ ይችላል። አሮጌው ዲስክ ደህና ከሆነ ሪስቶሩ በሌላ ዲስክ ላይ ተሞክሮ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ድረስ አታጥፉት።

ደረሰኝ ሳትይዙ አትውጡ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጁ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ደረሰኙ ላይ ግን «ኤስኤስዲ 2 ቴራ» ተብሎ ይጻፍ። «ፍላሽ» ብቻ ብለው ከጻፉላችሁ ስትመለሱ «የሸጥንልሽ ፍላሽ ነው» ይሏችኋል።