ቦልስ ብላፍ፦ ዛፉን ድንኳን ያሉበት ገደል

ሰሜን ቨርጂኒያ ከገባሁ አስራ አንድ ዓመት ሆነኝ። ሊስበርግ ስደርስ ባትልፊልድ ፓርክዌይ የሚባለውን መንገድ ስንት ጊዜ እንዳቋረጥኩት ቁጥሩን አላውቀውም። የጦር ሜዳ ጎዳና ማለት ነው እኮ። የትኛው ጦር፣ የማን ሜዳ ብዬ ጠይቄ ግን አላውቅም።

በዚህ ሐምሌ አባባ ከደሴ መጡ። የገበያ አዳራሽ ወሰድኳቸው፣ አልወደዱትም። ቤት መዋሉም ሰለቻቸው። "እዚህ አገር ሰው የኖረበት፣ የሞተበት ቦታ የለም እንዴ?" አሉኝ አንድ ማታ። ያ የመንገድ ስም ትዝ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት እሳቸውንና የአስራ ሁለት ዓመት ልጄን ይዤ ቦልስ ብላፍ ወደሚባለው የጦር ሜዳ ፓርክ ሄድኩ።

መግቢያው በመኖሪያ ሰፈር መሃል ነው። ጂፒኤሱ ተሳሳተ ብላችሁ እንዳትመለሱ። ቤቶቹ ሲያልቁ ጫካው ይጀምራል፣ እዚያው መኪና ማቆሚያ አለ። መግቢያ አይከፈልም። ከደለስ ኤርፖርት በኩል ግማሽ ሰዓት ብትነዱ ነው።

ጫካው ውስጥ የእግር መንገድ አለ። በየቦታው ታሪኩን የሚናገር ሰሌዳ ቆሟል። ልጄ እያነበበች ለአያቷ ወደ አማርኛ ትመልሳለች። አንዳንዱ ቃል ይጠፋታል። "ቦት" ስትል አባባ "ጀልባ" ይሏታል፣ "ጀልባ" ብላ ትቀጥላለች። እንዲህ እንዲህ እያልን ነው ታሪኩን የጨረስነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦክቶበር 20 ቀን 1861 ማታ፣ የአሜሪካ ሰሜንና ደቡብ የእርስ በርስ ጦርነት ገና በጀመረበት ዓመት፣ ጥቂት የሰሜን ወታደሮች የፖቶማክን ወንዝ ተሻግረው ይህን ገደል ወጡ። በጨረቃ ብርሃን የጠላት ድንኳን ተደርድሮ አዩ። ተመልሰው ይህንኑ ተናገሩ። ሌሊቱን 300 ያህል ሰው ድንኳኑን እንዲመታ ተላከ። ሲነጋ ድንኳን የተባለው የዛፍ ረድፍ ሆኖ ተገኘ።

"ዛፉን ነው ድንኳን ያሉት?" አሉ አባባ። ልጄ ሰሌዳውን ደግማ አነበበች። "አዎ አያቴ፣ ዛፍ ነው።"

ያኔውኑ ቢመለሱ ኖሮ ምንም ባልሆነ። ግን እዚያው ቆዩ፣ ተጨማሪ ሰው ተላከላቸው። ከሰዓት በኋላ በየወገኑ ወደ 1,700 የሚጠጋ ሰው ተፋጠጠ። ሰሜኖቹ ከኋላቸው ገደልና ወንዝ፣ ለመሻገሪያ ደግሞ ጥቂት ጀልባዎች ብቻ። አዛዣቸው ኮሎኔል ኤድዋርድ ቤከር የኦሪገን ሴናተር ነበር። የፕሬዚዳንት ሊንከን የቅርብ ወዳጅ ነው፣ ሊንከን ሁለተኛ ልጁን በሱ ስም ነው የሰየመው። እዚሁ ተመቶ ሞተ። በሥልጣን ላይ እያለ ጦር ሜዳ የወደቀ የአሜሪካ ሴናተር እስከ ዛሬ እሱ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ሰልፉ ፈረሰ፣ ሰው በገደሉ ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ጀልባዎቹ ከልክ በላይ ተጭነው ሰመጡ። ብዙ ሰው ውሃ በላው፣ አንዳንዱ ሬሳ ወንዙ ወስዶት ዋሽንግተን ድረስ ደረሰ። ከ500 በላይ ተማረኩ።

ይህን ሁሉ ቤት ቁጭ ብሎ ማንበብ ይቻላል። ገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ቁልቁል ማየት ግን ሌላ ነው። ሰላሳ ሜትር ያህል ይሆናል። ሥሩና ድንጋዩ ተወሳስቧል። በቀን፣ ማንም ሳያባርረን፣ እኔና ልጄ ስንወርድ ቅርንጫፍ ይዘን ነበር። ታች ስትደርሱ አንድ ነገር ልብ በሉ። ማዶ የምታዩት መሬት የወንዙ ሌላኛው ዳር አይደለም። ሃሪሰን የሚባል ደሴት ነው፣ ከሱ ወዲያ ደግሞ ሌላ ውሃ አለ። ያን ቀን የሸሸ ሰው ሁለቴ መሻገር ነበረበት። ልጄ ይህን ስነግራት ዝም ብላ ውሃውን ታይ ነበር።

አባባ ከገደሉ በላይ ያለው የወታደሮቹ መቃብር ጋ ቀሩ። ትንሽ ቦታ ናት፣ ዙሪያዋን በድንጋይ ታጥራለች። ተመልሰን ስንወጣ ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘው ነበር። "ሃያ አምስት ድንጋይ ቆጠርኩ" አሉኝ። ልክ ናቸው፣ 25 ነው። የተቀበሩት ግን 54 ናቸው። ስሙ የታወቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ጄምስ አለን ይባላል፣ የ15ኛው ማሳቹሴትስ ወታደር። ሌላው "ያልታወቀ" ነው የሚለው። ይህን ስነግራቸው አማተቡ። "እናቶቻቸው ታዲያ የት ሄደው አለቀሱ?" አሉ። የምመልሰው አጣሁ።

አሁን ደግሞ ማታ ቤት ገብቼ ሳነብ ያገኘሁትን ልንገራችሁ፣ ለእኛ ሰው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። የሽንፈቱ ጥፋት የተጣለው የበላይ አዛዡ በነበሩት በጄኔራል ቻርልስ ስቶን ላይ ነው። ፌብሩዋሪ 1862 ታሰሩ። ክስ እንኳን ሳይመሰረትባቸው 189 ቀን እስር ቤት ቆዩ። በ1870 ወደ ካይሮ ሄዱና የግብፁ ገዥ የኬዲቭ ኢስማኤል ጦር ኤታማዦር ሹም ሆኑ። አዎ፣ ያው ኬዲቭ ኢስማኤል። በእኛ አቆጣጠር በ1868 ጦሩን፣ ከነአሜሪካውያን መኮንኖቹ፣ ወደ አገራችን የላከው። አፄ ዮሐንስ ጉንደትና ጉራዕ ላይ ድል ያደረጉት። ስቶን ያኔ ካይሮ ነበሩ። በኋላ አሜሪካ ተመልሰው የነፃነት ሐውልት የቆመበትን መሠረት ያሠሩት ዋና መሐንዲስም እሳቸው ናቸው።

ለአባባ ስነግራቸው ሲኒውን አስቀመጡ። "የዚያ ገደል ሰውዬ?" አሉ። "የዚያ ገደል ሰውዬ" አልኳቸው። ሌሊቱን ስለ ጉራዕ ሲያወሩልን አመሸን፣ ልጄም ሳትተኛ ሰማች።

ለመሄድ ካሰባችሁ፣ ካፌ የለም፣ ውሃና የሚበላ ነገር ያዙ። ለሕፃን ጋሪ አይመችም። ሸርተት የማይል ጫማ አድርጉ። መዥገር ስላለ ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ስትመለሱም የልጆቻችሁን እግር ፈትሹ። ላይኛው መንገድ ለሽማግሌ አይከብድም፣ አባባ በከዘራቸው ጨርሰውታል። ቁልቁለቱን ግን አትሞክሩባቸው። ሞቃት በሆኑት ወራት ቅዳሜና እሁድ በጎ ፈቃደኞች በነፃ ያስጎበኛሉ፣ ከነሱ ጋር መዞሩ ይሻላል። እኛ ሳናውቅ ዘግይተን ደርሰን አመለጠን።

ከአምስት ኮከብ አራት ተኩል ሰጥቼዋለሁ። ግማሿን ያስቀረሁት በበጋ ቅጠሉ ወንዙን ስለሚጋርደው ነው፣ ከላይ ሆኖ ውሃውን ማየት አይቻልም። አባባ እስከ ገና እዚሁ ይቆያሉ። ኖቬምበር ላይ ቅጠሉ ሲረግፍ እንመለሳለን፣ እሳቸውም ከአፋፉ ሆነው ወንዙን ያዩታል።