ቡሌቨርታይድ፦ የወንድሜ የዴልታ መርፌ፣ ከሚወጋው እጅ

ይህን የምጽፈው ሄፓታይተስ ቢ ላለባቸው ሰዎችና አብረዋቸው ለሚኖሩ ነው። ታላቅ ወንድሜ ቡሌቨርታይድ የሚባለውን መርፌ በየቀኑ ይወስዳል፤ የምበጠብጥለትም የምወጋውም እኔ ነኝ። መድኃኒቱ ሠርቶለታል፤ ለሚያስፈልገው ሁሉ እንዲደርስም ከልቤ እመኛለሁ። ግን ምን እንደሚያደርግና ምን እንደማያደርግ ሳይገባው ማንም ባይጀምረው ይሻላል።

መድኃኒቱ የቢ አይደለም። የሚታዘዘው ቢ ላይ ዴልታ (ሄፓታይተስ ዲ) የሚባል ሌላ ቫይረስ ለተደረበበት ሰው ነው። ዴልታ የራሱ የውጭ ሽፋን የለውም። ከአንዱ የጉበት ሴል ወጥቶ ሌላው ውስጥ የሚገባው የቢን የላይኛ ፕሮቲን ለብሶ ነው፤ ስለዚህ ቢ የሌለበትን ሰው አይዝም። እ.ኤ.አ. በ1977 ማሪዮ ሪዜቶ ጣሊያን ቱሪን ውስጥ ሲያገኘው የቢ ቫይረስ አንድ ክፍል ነው ተብሎ መታሰቡም ያለ ነገር አልነበረም።

ወንድሜ ለቢ ቴኖፎቪር ይወስድ ነበር። የቢ ቫይረስ በደሙ ውስጥ አልታይ ካለ ቆይቷል፤ ኤኤልቲ የሚባለው የጉበት ኢንዛይም ግን አልወርድ አለ። በሚከታተልበት ቦታ «ቫይረሱ የለም፣ በርታ» ተብሎ ይሸኛል። በኋላ ያገኘናቸው አንድ አዛውንት ሐኪም ናቸው ሁለቱን ውጤቶች ጎን ለጎን አስቀምጠው «ልጄ፣ ዴልታ ተመርምረህ ታውቃለህ?» ያሉት። ማንም አዞለት አያውቅም። በመጀመሪያ የአንቲቦዲ ምርመራ ተሠራ፤ እሱ ሲገኝበት ደግሞ ቫይረሱ አሁንም እየተራባ መሆኑን ለማወቅ አርኤንኤውን፣ ማለትም የቫይረሱን የዘር ቅንጣት፣ የሚፈልገው ፒሲአር የሚባል ምርመራ ተጨመረ። ሁለቱም ፖዘቲቭ ሆኑ።

«ቢው ከጠፋ ዴልታው በምን ቆመ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቴኖፎቪር ቢ ራሱን እንዳያባዛ ያግዳል እንጂ የላይኛው ፕሮቲን መመረቱን አያስቆምም አሉኝ። ዴልታ ከቢ የሚፈልገው ደግሞ ያንኑ ሽፋን ብቻ ነው፤ አርኤንኤውን የሚያባዛለት የጉበት ሴሉ የራሱ ኢንዛይም ነው። ይሄን ስሰማ የዓመታቱ ውጤት ሁሉ ትርጉም ያዘልኝ፤ ተናደድኩም። ሁለቱ ቫይረሶች በአንድ ጊዜ የያዙት አዋቂ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ከሰውነቱ ያስወግዳል። ቢ ሥር ሰድዶ በኖረበት ሰው ላይ ዴልታ ሲጨመር ግን ብዙውን ጊዜ አይለቅም፤ ጉበቱንም ከቢ ብቻ ይልቅ ፈጥኖ ወደ መጠጠርና ወደ ካንሰር ይወስደዋል። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ቢ ካለባቸው ሰዎች 5 በመቶ የሚጠጉት፣ ማለትም 12 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ ዴልታም አለበት። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ቢ የተገኘበት ሁሉ ዴልታ መመርመሩን ተመራጭ አድርጎታል።

ወደ መርፌው ልመለስ። ቢም ዴልታም ወደ ጉበት ሴል የሚገቡት ኤንቲሲፒ በሚባል ፕሮቲን በኩል መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ቡሌቨርታይድ ከቢ ቫይረስ ሽፋን በተወሰደ ቅንጣት አምሳል የተሠራ ነው፤ ቁልፍ ቀዳዳ ውስጥ ተሰብሮ እንደቀረ ቁልፍ መግቢያውን ይዘጋዋል። ያ ፕሮቲን መደበኛ ሥራው የሐሞት አሲድን ከደም ወደ ጉበት ማስገባት ስለሆነ፣ መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ የሐሞት አሲድ ከፍ ይላል። ላቦራቶሪ ላይ ቁጥሩን አይታችሁ አትደንግጡ፤ ሐኪሙ የሚጠብቀው ነገር ነው። ወንድሜን ትንሽ ያሳክከዋል፤ መጀመሪያ አካባቢ ራስ ምታትም ነበረው።

ብልቃጧ ውስጥ ያለው ነጭ ዱቄት ነው፤ 2 ሚሊ ግራም። አንድ ሚሊ ሊትር ለመርፌ የተዘጋጀ ውሃ ይጨመርበታል። ብልቃጧን መነቅነቅ አይገባም፤ አረፋ ያነሳል። በጣት ጫፍ ቀስ አድርጌ መታ መታ አደርጋትና በሁለት መዳፌ መካከል አንከባልላታለሁ። እስኪጠራ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል፤ ፍንጣሪ ከታየኝ እንደገና አንከባልላለሁ። ከተበጠበጠ ወዲያው ይወጋል፣ ሆድ ወይም ጭን ላይ፣ ቦታ እየተቀያየረ። ብልቃጦቹ ማቀዝቀዣ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ይቀመጣሉ። ይህ ነው ትልቁ ሸክም። ጉዞ ሲኖር ከልብሱ ቀድሞ የሚታሰበው ቅዝቃዜው ነው፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑ የደከመ ብቸኛ ሰው ይህን በየቀኑ እንዴት እንደሚወጣው ሳስብ ይከብደኛል። ተበጥብጦ የመጣ ቢሆን ኖሮ ስንቱን ባቃለለ!

ውጤቱስ? የወንድሜ ኤኤልቲ እየወረደ መጥቶ አሁን ጤነኛው ክልል ውስጥ ገብቷል። የዴልታው አርኤንኤ በጣም ቀንሷል፣ ጨርሶ ግን አልጠፋም። መድኃኒቱ በተፈተነበት 150 ታማሚዎች የተሳተፉበት ጥናት፣ በ48ኛው ሳምንት 2 ሚሊ ግራም ከሚወስዱት 45 በመቶው ቫይረሳቸው ቢያንስ መቶ እጥፍ ቀንሶ ወይም ጠፍቶ ኢንዛይማቸውም ተስተካክሏል፤ መድኃኒቱን ገና ካልጀመሩት ግን 2 በመቶው ብቻ። ከዚያ በፊት የነበረው አማራጭ ኢንተርፌሮን ነው፤ ብዙ ሰው የጎንዮሽ ጉዳቱን መቋቋም አይችልም። በእኔ ዕይታ ቡሌቨርታይድ ለዚያ ሁሉ ታማሚ ትልቅ እፎይታ ነው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2020 በቅድመ ሁኔታ፣ በ2023 ደግሞ በሙሉ ፈቃድ አጽድቃዋለች።

እስከ መቼ ይወሰዳል ለሚለው የተቆረጠ ቀን የለም፤ ጥቅም እስከሰጠ ይቀጥላል ነው የሚባለው። በራስ ፈቃድ ማቋረጥ አደገኛ ነው፣ ቫይረሱ አገርሽቶ ጉበቱ በኃይል ሊቆጣ ይችላል። ቴኖፎቪሩም አይተውም፤ ቢው እዚያው ነውና። ጉበቱ ሥራውን መሥራት ላቃተው ታማሚ ደግሞ አይመከርም።

ለታማሚው መርፌውን የሚወጋለት ሌላ ሰው ካለ እሱም ለቢ ይመርመር። ያገለገለውን መርፌ ክዳኑን መልሼ አልገጥምበትም፤ በቀጥታ ጠንካራ ዕቃ ውስጥ እጥለዋለሁ። እኔና የወንድሜ ልጆች ለቢ ተመርምረን ነጻ ስለሆንን ክትባቱን ሙሉውን ወስደናል። ለዴልታ ለብቻው ክትባት የለም፤ የቢው ክትባት ግን ለእሱም መከላከያ ነው።