ለትራፓኖ የሚሸጠውን የሌዘር መስቀል ከማዘዛችሁ በፊት

ወገን፣ ሰሞኑን በየኦንላይን መሸጫው ስለሚዘዋወር አንድ ዕቃ ላስጠንቅቃችሁ። የቁም ትራፓኖ (ቆሞ ወደ ታች የሚበሳው መሰርሰሪያ) ምሰሶ ላይ የሚታሰረው የሌዘር መምሪያ ነው። ማስታወቂያው ላይ ሁለት ቀይ መስመሮች ጣውላ ላይ ተሻግረው መስቀል ይሠራሉ፣ ፑንታው (የሚበሳው ብረት) ይወርድና መሃሉን ይበሳዋል። ከእንግዲህ ምልክት ማድረግ ቀረ ይሏችኋል።

ቪዲዮውን ደግማችሁ እዩት። ጠረጴዛው አንዴም ከፍ ዝቅ አይልም። የሚበሳውም ያው አንድ ውፍረት ያለው ጣውላ ነው። ጨዋታው ያለው እዚህ ላይ ነው።

እያንዳንዱ ሌዘር የሚያወጣው አንድ ክር ሳይሆን እንደ መጋረጃ የተዘረጋ ቀጭን ብርሃን ነው። መስመር ሆኖ የሚታየን ዕቃው ላይ ሲያርፍ ነው። ሁለቱም መጋረጃዎች ቀጥ ብለው ቆመው በፑንታው መሃል ካለፉ፣ ጠረጴዛው የትም ከፍታ ላይ ቢሆን መስቀሉ ከፑንታው ጫፍ ስር ንቅንቅ አይልም። ለዚህ ግን እያንዳንዱ ሌዘር ሁለት ማስተካከያ ይፈልጋል፦ አንዱ ግራና ቀኝ የሚያዞረው፣ ሌላው ሌዘሩን በራሱ ዙሪያ እያሽከረከረ መስመሩን ቀጥ የሚያደርገው። እኔ እጅ የገባው ላይ ያለው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ሁለተኛው ፋብሪካ ላይ በሙጫ ተደፍኖ ነው የመጣው፤ ጠሞ ከተጣበቀ ጠሞ ቀረ ማለት ነው።

አንድ ዲግሪ ቢያዘነብል ምን ይጎዳል የሚል አይጠፋም። ጠረጴዛውን 100 ሚሊ ሜትር ስታወርዱት መስመሩ 1.75 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሸሻል። ሁለት ላሜራዎችን በ5 ሚሊ ብሎን ልታያይዙ ከሆነ ቀዳዳዎቹ አይገናኙም፣ አለቀ። አንዲት ነጥብ ብቻ የሚተኩሰውማ ይብሳል። በ45 ዲግሪ ተጋድሞ የሚያበራ ከሆነ፣ የ20 ሚሊ ጣውላ አንስታችሁ የ40 ስታስቀምጡ ነጥቡ 20 ሚሊ ሜትር ሙሉ ይሄዳል። ይሄ እንዴት መምሪያ እንደሚባል አይገባኝም።

በዚያ ላይ የመስመሩ ውፍረት አለ። የእኔው ሁለት ሚሊ ሜትር ሊሞላ ምንም አይቀረውም። በ3 ሚሊ ፑንታ ልትበሱ ከሆነ የመስቀሉ መስመር ራሱ የፑንታውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ነው፣ የቱን መሃል ልትይዙ ነው? የተወለወለ አሉሚኒየም ላይ ደግሞ ብርሃኑ ይበታተናል፣ ደማቅ መብራት ስር ይጠፋል። ማሰሪያው ፕላስቲክ ነው፤ "ለሁሉም ምሰሶ ይሆናል" የሚሉት ለየትኛውም በደንብ ስለማይገጥም ነው መሰለኝ። ሞተሩ ሲነሳና ቺንጋው ሲንቀጠቀጥ ትንንሾቹ ብሎኖች ይላላሉ፣ ጠዋት ያስተካከላችሁትን ከሰዓት መልሳችሁ ታስተካክላላችሁ።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መጀመሪያ ባትሪ ቀይር አለኝ። ቀጥሎ የተጣመመው ትራፓኖህ ነው አለ። ፎቶ ስልክለት "አንዴ ከተገጠመ አይመለስም" ብሎ ዘጋ። ስለዚህ የታዘዘ ዕቃ በመንገድ ላይ ያላችሁ፣ ሳትገጥሙት ፈትሹት። ግድግዳ ላይ ቱምቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ክር) ስቀሉና ሌዘሩን አብሩበት። መስመሩን በራሱ ዙሪያ አዙራችሁ ከቱምቢው ክር ጋር ማጋጠም ካልቻላችሁ ካርቶኑን መልሳችሁ አሽጉ። ቀድሞ ለተገጠመው ደግሞ ቀጥ ያለ ቀጭን ዘንግ ቻኩ (ፑንታውን ጨብጦ የሚይዘው) ውስጥ እሰሩና ሁለቱም መስመሮች ከላይ እስከ ታች ዘንጉ መሃል ላይ ይቀመጡ እንደሆነ እዩ። ከላይ ነክቶ ከታች የሚስት ከሆነና ሌዘሩ በራሱ ዙሪያ የማይዞር ከሆነ የፈለጋችሁትን ብሎን ብታጠብቁ አይድንም።

ደህና የሚባለውም ቢሆን ቀዳዳ አያቀናም። ፑንታው ለስላሳ የብረት ገጽ ላይ ሲያርፍ መንሸራተቱን ሌዘር አያስቆመውም፣ ቻኩ የሚወላገድ ከሆነም እንደዚያው። ብረት ላይ መሃሉን የሚይዘው ጫፉ በሾለው ሴንተር ፓንችና በመዶሻ የምትመቷት ጉድጓድ ናት። ከዚያ ሴንተር ድሪል በሚባለው አጭር ፑንታ ጀምሩ፣ ዕቃውን ሞርሳ ላይ እሰሩ። ሌዘር የሚጠቅመው እንጨት ላይ ብዙ ቀዳዳ በግምት ለመበሳት፣ ዕቃውን ቶሎ ወደ ቦታው ለማስጠጋት ነው። ለዚያ ሥራ ጥሩ ነው፣ አልክድም።

የዓይን ነገርም አለ፣ ይሄን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። ክፍል 2 የሚባለው ሌዘር ከ1 ሚሊ ዋት መብለጥ የለበትም፤ የሚያድነንም ዓይናችን ወዲያው ስለሚጨፈን ነው። ግን የተለጠፈው ጽሁፍና ከውስጥ የሚወጣው ብርሃን ሁልጊዜ አይገናኙም። የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ ባደረገው ፍተሻ 122 የእጅ ሌዘሮችን ለክቶ፣ ከአረንጓዴዎቹ 90 በመቶ የሚጠጉት፣ ከቀዮቹ ደግሞ 44 በመቶ ያህሉ የደኅንነት ደንቡን እንደማያሟሉ አግኝቷል። እነዚያ የእጅ ናቸው፣ የትራፓኖ አይደሉም፤ ግን ስሙ የማይታወቅ ርካሽ ዕቃ ላይ የተለጠፈን ወረቀት ለማመን ምን ምክንያት አላችሁ? "አረንጓዴው ይሻላል፣ ይደምቃል" ብለው ሲያባብሏችሁም አስቡበት። እውነት ነው፣ ዓይናችን አረንጓዴን አጉልቶ ያያል። ግን 532 ናኖ ሜትር የሚሉት ዓይነት አረንጓዴውን የሚያገኘው ከማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው፤ ማጣሪያው ከተዘለለ ያ የማይታየው አብሮ ይወጣል። ዓይን ደግሞ ላላየው ብርሃን አይጨፈንም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ አሁንም የሚፈልግ ካለ፣ ሻጩን ሦስት ነገር ይጠይቅ። ሌዘሩ በራሱ ዙሪያ ይዞራል ወይ? ማሰሪያው ብረት ነው ወይ? ከስንት እስከ ስንት ሚሊ ሜትር ምሰሶ ይይዛል? የራሳችሁን ምሰሶ ቀድማችሁ በካሊፐር ለኩት፤ ጠረጴዛውን የሚያነሳው ጥርስ ከላይ የሚያልቅበትንም እዩ፣ ብዙ ትንንሽ ትራፓኖዎች ላይ በጥርሱና በጭንቅላቱ መካከል ማሰሪያው የሚገባበት ቦታ የለም።