የውርስ መሬት አስጨርሳለሁ ብሎ ሲሶ ለሚጠይቅ ሰው አትፈርሙ

ገጠር የእርሻ መሬት ያለው ቤተሰብ ላላችሁ፣ በተለይ ወላጅ ሞቶ የስም ዝውውር ላልጨረሳችሁ።

ጎጃም ያለው አጎቴ ሲያርፉ ልጆቻቸው የወራሽነት ማረጋገጫ ሊያወጡ ወረዳ ፍርድ ቤት ሄዱ። በሩ ላይ አንድ «ጉዳይ አስፈጻሚ» ተቀበላቸው። ስሙን አልጠራም፤ ቢጤው በየወረዳው አለ። ቅድሚያ ክፍያ አልጠየቀም። «ከማረጋገጫው እስከ ደብተሩ ድረስ እኔ እጨርሳለሁ፣ ሲያልቅ የመሬቱን ሲሶ ነው» አለ። እጅ ላጠረው ገበሬ ደግ ሰው ነው የሚመስለው።

ሒሳቡን እዩት። አረንጓዴው የመሬት ይዞታ ደብተር ላይ ያለው 6 ጥማድ ነው፣ የተለጠፈው ፎቶ ደግሞ የባልም የሚስትም። 3ቱ ጥማድ የባለቤታቸው የራሳቸው ይዞታ ነው፣ ውርስ ውስጥ አይገባም። ሰውዬው ሲሶውን ያሰላው ግን ከ6ቱ ነው፤ 2 ጥማድ። ለአራት ልጆች የምትተርፈው 1 ጥማድ! እናትየውንም «እርስዎም ይፈርሙ እንጂ እማማ፣ ለደንቡ ነው» አላቸው።

ወረቀቱ ላይ ሲሶ የሚል ቃል ፈልጋችሁ አታገኙም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም አይለወጥም ስለሚል፣ የተጻፈው የረጅም ዘመን ኪራይ ተብሎ ነው፤ ኪራዩም «በቅድሚያ ተከፍሏል»። አንድ ሳንቲም ሳይቀበሉ ተቀብለናል ብለው ሊፈርሙ! ስጦታ እያሉ የሚያስፈርሙም አሉ።

ኪራዩን ሳይፈርሙ ደረስን። ውክልናና ዋናውን ደብተር ግን ቀድሞ ወስዶ ነበር። ውክልናውን ሽረናል፤ ወካይ በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል። ደብተሩን ግን እስካሁን አልመለሰም። ስለዚህ ኮፒ እንጂ ዋናውን ለማንም አትስጡ።

በኋላ እንደተረዳነው ሰውዬው የጥብቅና ፈቃድ የለውም። ፈቃዱን ማየት ነውር አይደለም፣ እውነተኛ ጠበቃ አይቀየምም። ለወራሽነት ማረጋገጫ ብቻ ከሆነ ደግሞ ጠበቃም ላያስፈልጋችሁ ይችላል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 996 መሠረት ወራሹ ራሱ ለፍርድ ቤቱ የሚያመለክተው ጉዳይ ነው፤ ማመልከቻውን ራፖር ጸሐፊ ይጽፈዋል። ክርክር ከተነሳም ልጅ ለእናቱ፣ ወንድም ለወንድሙ በውክልና መቆም ይችላል። የዳኝነት መክፈያ ያጣ ሰው በደሃ ደንብ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። ባሕር ዳርን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። «ቀጠሮ ነው» እያለ የሚያጓትታችሁን ሰው ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። ውርሱን ሌላ ሰው ይዞት ከሆነ፣ መብታችሁንና መሬቱ በሌላ መያዙን ካወቃችሁ 3 ዓመት ሲያልፍ ተከራካሪያችሁ በዚያው ሕግ አንቀጽ 1000 ይርጋ፣ ማለትም የመክሰሻ ጊዜው አልፏል የሚል መቃወሚያ፣ ሊያነሳባችሁ ይችላል። ጉዳዩ በእርግጥ ፍርድ ቤት ገብቶ እንደሆነ የመዝገብ ቁጥሩን ጠይቁትና ሬጅስትራር ዘንድ ሄዳችሁ ራሳችሁ አጣሩ።